ወይዘሮ ትርንጎ የሰሙት፣ እኔ ያልተረጎምኩት

ባለፈው መጋቢት ሥራዬን አቆምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቶሮንቶ ሆስፒታሎች ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። ስልሳ አራት ዓመት ስለሞላኝ ሰዎች ጡረታ ወጣች ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው ነው ከእኔ ቀድሞ የወጣው። ዛሬ በሽተኛዋ አልጋ አጠገብ ጎማ ባለው ዘንግ ላይ የተሰቀለ ታብሌት እየተገፋ ይመጣል፤ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ «እንደምን አደሩ» ይላል። ሰዎቹን አልንቃቸውም፣ አንዳንዶቹ ከእኔ የተሻለ አማርኛ አላቸው። ነገር ግን ስክሪኑ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው። በር አጠገብ የቆመው ሰው ምን ብሎ እንዳጉረመረመ፣ ነርሷ ዓይኗን እንዴት ወደ ጣሪያ እንደሰቀለች አያይም። እኔ ክፍሉ ውስጥ ስለነበርኩ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ግን አልተናገርኩም። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚያ ነው።

ዘነበች እባላለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ስሜን ሙሉውን መጥራት ስለከበዳቸው «ዚ» ይሉኝ ነበር። ከአዲስ አበባ በባለቤቴ ስፖንሰርነት መጥቼ መጀመሪያ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆንኩ። እዚያ አንዲት ኢትዮጵያዊት አሮጊት ነበሩ፤ ሐኪም በመጣ ቁጥር እጄን ሳላደርቅ እየተጠራሁ ሳስተረጉምላቸው አንዲት ነርስ ለዚህ ሥራ እኮ ኮርስ አለ አለችኝ። ቅዳሜና እሑድ ተማርኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ። ክፍያው በሰዓት ነው፣ የመንገዱን ጊዜ አይጨምርም። ከምሥራቁ ስካርቦሮ እስከ ምዕራቡ ጄን ኤንድ ፊንች ሦስት አውቶቡስ ቀይሬ ቀጠሮው ካንስል ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ስለ ክፍያው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ ኮርሱ አይደለም፣ ጋሽ ይርዳው ናቸው። ደሴ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበሩ፣ እዚህ መጥተው ከሁላችንም ቀድመው አስተርጓሚ የሆኑ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ለሦስት ወር እየተከተልኳቸው ሥራቸውን እንዳይ ተመደብኩ። ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ። መጠበቂያ ክፍል ግን አይቀመጡም፤ በሽተኛዋ ቀድማ ካገኘቻቸው ሐኪሙ ሳይሰማ ታሪኳን ትጀምርላቸዋለች፣ ውስጥ ስትገባ ደግሞ አንዴ የተናገረችውን መድገም ይታክታታል። ስለዚህ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ወንበራቸውን ራሳቸው ያነሱና ከበሽተኛዋ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያደርጉታል። ሐኪሙ እሳቸውን ማየት ሲከብደው እሷን ማየት ይጀምራል። «ከሐኪሙ ጎን ከተቀመጥሽ የሐኪሙ ሰው ትሆኛለሽ» ይሉኝ ነበር። ትንሽ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ቁጥር፣ የመድኃኒት ስም፣ ግራና ቀኝ ብቻ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ቅጠሉን በበሽተኛዋ ፊት ይቀድዱና ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። መጥፎ ዜና ከተነገረ ደግሞ እሷ ሳትነሳ አይነሱም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳትነሳ ቀረች፤ ጋሽ ይርዳውም ሌላ ቀጠሮ እያለፋቸው አብረዋት ተቀመጡ።

አንድ ቀን ያየሁት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጡቷ በካንሰር ተቆርጦ የወጣ አንዲት ወጣት ሴት ቁስሏ ሊታይ መጣች። ጋሽ ይርዳው ወንድ በመሆናቸው ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ነው የሚያስተረጉሙት፤ እኔ ከውስጥ ነበርኩ። ሐኪሙ ፋሻውን ሳይፈታ ወደ ተማሪው ዞር አለና፣ እነዚህ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ገላ መታጠብ እንደሚቻል አይነገራቸውም እንዴ ብሎ ፈገግ አለ። ጋሽ ይርዳው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ ቃል በቃል በአማርኛ አሉት። ልጅቷ ደነገጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጠዋት ታጥቤያለሁ፣ የሚሸተው ቁስሉ ነው፣ አራት ቀኑ ነው አለች። ሐኪሙ ምን እያልካት ነው ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ይርዳው እርስዎ ያሉትን ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚባለው ሁሉ የሷ ነው አሉት። ፋሻው ሲፈታ መግል ይዞ ነበር።

ስንወጣ አልሰቀጠጠዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሰቀጠጠኝ» አሉ። እኔ ግን በልቤ፣ እኔ ብሆን አልለውም ነበር ብዬ አሰብኩ። ያቺ ልጅ ታማ ሳለ በሕመሟ ላይ ክፉ ቃል ልጨምርባት? አሁን ሳስበው የኔ ጥፋት ገና ያኔ ነው የጀመረው።

ጋሽ ይርዳው ጡረታ ሲወጡ አብዛኛው የሴቶች ቀጠሮ ወደ እኔ መጣ፣ በተለይ የካንሰሩ ክፍል። ሥራውን ወደድኩት፤ ጎበዝም ነበርኩ። ሕመም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው፣ ከዚያ ቁጥር ይጠየቃል፤ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው ይባላል። የእኛ ሴቶች ቁጥር አይቀናቸውም። ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይቆረጥመኛል ይላሉ። የሚነዝረው ከነርቭ እንደሚመጣ፣ የሚቆረጥመው አጥንት ውስጥ እንደሆነ ሐኪሙ ለይቶ እንዲያውቅ እያንዳንዱን ቃል ተጨንቄ ነበር የማሻግረው።

አንድ ሌላ ነገርም አደርግ ነበር። የእንግሊዝኛው «ዩ» ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው። እኔ ግን ሐኪሙን ሁልጊዜ «እርስዎ» አስብለው ነበር። ሰዓቱን እያየ «ጨረስሽ?» የሚል ሰው በእኔ አፍ «የሚጨምሩት ነገር ይኖር ይሆን?» ይላል። ውሸት አይመስለኝም ነበር፣ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የሰማሁት ስድብ አይደለም። ስድብ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ይከሰስ ነበር። ደም የምትቀዳዋ ሴት፣ የናንተ ሰዎች ደም ሥር አስቸጋሪ ነው ትልና ከይቅርታ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ትወጋለች። እንግዳ ተቀባይዋ ለነጯ ሴትዮ ቆማ መንገድ አሳይታ፣ ለኛዋ በጣቷ ትጠቁማለች። ሐኪሙ ለሌላው በሥዕል የሚያስረዳውን ለኛ ሴት ሲደርስ ያሳጥረዋል፤ አይገባትም ብሎ ነው። ሐኪም ስላልሆንኩ ማን በምን እንደሞተ መናገር አልችልም። ያየሁትን ግን መናገር እችላለሁ። አንዴ ያልታመነች ሴት በሚቀጥለው ጊዜ ሕመሟን አሳንሳ ትናገራለች፤ ሌላዋ ደግሞ ጨርሶ አትመጣም። ፋይሏ ላይ ሕክምናዋን አትከታተልም ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ የመጡት እኔ በሥራው አሥራ አምስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ነው። አሰላ የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ልጃቸው ማህሌት ስፖንሰር አድርጋ አምጥታቸው ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከዶን ወንዝ ሸለቆ በላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ አሥራ አራተኛ ፎቅ አብረው ይኖሩ ነበር። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ እሑድ እሑድ በአማርኛ ቸርች መዘምራን ውስጥ የሚዘምሩ ሴት ነበሩ። ግራ ጡታቸው ላይ ያበጠ ነገር ሲያገኙ ያለ ቀጠሮ የሚኬድበት ዎክ ኢን ክሊኒክ ሄደው፣ የዕድሜ ነገር ነው፣ ክብደትም ቀንሺ ተብለው ነበር የተመለሱት። ለሰባት ወር ያህል ማንም ወደ ስፔሻሊስት ሪፈር አላደረጋቸውም። በመጨረሻ ማህሌት ራሷ ከሥራ ቀርታ፣ ሪፈራሉ ካልተጻፈ ከዚህ አንሄድም ብላ ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጣ ነው የተጻፈላቸው።

ምርመራው ሲነገራቸው ከጎናቸው ነበርኩ። ካንሰር ነው፣ ግን ሊድን የሚችል ነው፤ መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር ተባለ። ሁሉንም በጸጥታ ሰሙና ፀጉራቸው መቼ እንደሚረግፍ ጠየቁ። የፋሲካ መዝሙር ላይ ከፊት ነው የሚቆሙት። ዋናዋ ሐኪም በጥሞና መለሰችላቸው። መልካም ሴት ነበረች፤ ችግሩ እሷን የሚያገኙት በየአምስተኛው ቀጠሮ መሆኑ ነው።

ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ ጀርባቸውን ያማቸው ጀመር። ለዚያ ሐኪም ጋ በቀረብን ቀን ማህሌት ሥራ ላይ ነበረች፤ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ናት፣ የቀሩት የፈቃድ ቀኖቿ አልቀው ነበር። ተረኛው ሐኪም ከዚያ በፊት ያላየነው፣ ትሑት አነጋገር ያለው ሰው ነው። በሩን ይዞ አስገብቶናል። ደክሞት ነበር፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ወይዘሮ ትርንጎ ከወገባቸው በላይ አከርካሪያቸውን በእጃቸው አሳዩትና፣ ይቆረጥመኛል፣ ስተኛ ይብሳል፣ ከአጥንቱ ውስጥ ነው አሉ። እኔም በደንብ አሻገርኩት። ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው አለ። ትንሽ አሰቡና «ዘጠኝ» አሉ።

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ እየጻፈ፣ አጠገቡ ለቆመችው ነርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እነዚህ ሴቶች ሁሌም ዘጠኝ ነው የሚሉት፣ ባህላቸው ነው፣ ያጋንናሉ፤ ዘጠኝ ቢሆን እንዲህ ቀጥ ብላ ትቀመጥ ነበር? አለ።

ወይዘሮ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለ?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ይርዳው ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ትዝ አሉኝ። እኔ ግን የሴትየዋን ራስ አየሁ፣ በሻሹ ሥር ፀጉር የሌለውን። ይህን ሁሉ ተሸክመው ይህንንም ልጨምርባቸው? ብዬ አሰብኩ።

«ስለ መድኃኒቱ መጠን ነው የሚነጋገሩት» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ ለአንድ አፍታ አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን ከታች ጀምረው እስከ አንገት ቆለፉ። ሐኪሙ የራስ ምታት ክኒን ይውሰዱ፣ ፍራሹንም ይዩት አለ። ስካን አላዘዘም። ተነሱና «አመሰግናለሁ በይልኝ» አሉ። እኔም ተረጎምኩላቸው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አሳምሬ የተረጎምኩት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው።

ለአራተኛው ኬሞ አልመጡም። እኔ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ ወረቀቴ ላይ አልመጡም ተብሎ ተፈረመልኝ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ቀጠሮ ተያዘ፣ እንደገና አልመጡም። ማህሌት ጋ ተደውሎ፣ እናቴ ሄጃለሁ ብላኛለች ማለቷን ከጸሐፊዋ ሰማሁ። ለካ ወይዘሮ ትርንጎ ጠዋት ለብሰው ይወጡና ቤተ ክርስቲያን ሄደው ውለው ነበር የሚመለሱት። አስተርጓሚ ከቀጠሮ ውጭ በሽተኛ ጋ መደወል አይፈቀድለትም። ያንን ደንብ ያኔ ወደድኩት፣ መጠለያ ሆነኝ። ስልካቸው ወረቀቴ ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አይቼው አጠፍኩት።

ከአምስት ወር በኋላ ከአስተርጓሚዎች ቢሮ ተደወለልኝ። የታዘዘልኝ ቀጠሮ የወይዘሮ ትርንጎ ነበር። በአምቡላንስ ነበር የመጡት፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ማህሌት ከሥራ ስትመለስ አገኘቻቸው። ካንሰሩ አከርካሪያቸው ውስጥ ገብቷል።

ክፍሉ ስገባ ዋናዋ ሐኪም አለች፣ ማህሌት መስኮቱ ጋ ቆማለች። ወይዘሮ ትርንጎ ግማሽ ሆነዋል። ወንበሬን እንደ ልማዴ ከጎናቸው ላደርግ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ፤ ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረው በእንግሊዝኛ መናገር ጀመሩ። ቀስ ያለ፣ የአስተማሪ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን ምንም የጎደለው ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው ያስተማርኩት፤ አስተርጓሚ የጠየቅኩት ሲያመኝ ምላሴ ስለሚተሳሰር ነው አሏት። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

ሐኪሟ ሕክምናውን ለምን እንዳቋረጡ ጠየቀቻቸው። ያኔ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ፣

«ያን ቀን ሐኪሙ ያለውን ንገሪያት» አሉኝ። «እንዳለው። አታሳምሪው።»

ነገርኳት። ከአምስት ወር በፊት መተርጎም የነበረብኝን ዓረፍተ ነገር፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል አልኩት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማህሌት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ወይዘሮ ትርንጎ የእኔን ውሸት አላነሱም፤ እኔም አልጨመርኩም። ማህሌት፣ ያኔ ስካን ቢደረግ ኖሮ ትድን ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ፣ አላውቅም፣ እኔ ግን ያንን ጀርባ ማየት እፈልግ ነበር አለች።

ሌሎቹ ወጥተው እኛ ብቻ ስንቀር ይቅርታ ማለት ጀመርኩ። አስቆሙኝ።

«የጠየቅኩሽ እኮ ሰምቼው ነው» አሉኝ። «ትነግሪኝ እንደሆን ለማየት።»

ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«እሱስ እሺ፣ አያውቀኝም» አሉ። «ሲያመኝ የእንግሊዝኛው ግማሹ ያመልጠኛል፤ በአንቺ ነበር የምሞላው። ካንቺ በኋላ ግን የሚሉትንና የምትነግሪኝን መለየት አቃተኝ። ሊድን ይችላል ያሉኝስ የነሱ ነው ያንቺ? ‹እርስዎ› እያለ የሚያናግረኝ ሰው እኮ በአንቺ አፍ ብቻ ነው ያለው።»

ከዚያ ደክሟቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸው ስላልተነሱ እኔም አልተነሳሁም።

ማህሌት ለሆስፒታሉ አቤቱታ ጻፈች፣ እኔም ቃሌን እንድሰጥ ተጠየቅኩ። ሐኪሙ ያለውን ጻፍኩ። እኔ ያልኩትን አልጻፍኩም። ኃላፊዬ ጠርታኝ አስተርጓሚ ገለልተኛ ነው፣ የበሽተኛ ጠበቃ አይደለም አለችኝ፤ ለተወሰኑ ወራት ከዚያ ክፍል ሥራ አልተላከልኝም። የሆስፒታሉ መልስ የመጣው ወይዘሮ ትርንጎ ቤታቸው ተኝተው የማስታገሻ ሕክምና ሲወስዱ ነው። ደንቡን ጥሼ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ከኤግሊንተን ጣቢያ አውቶቡስ ይዤ ሄጄ ሕንፃቸው ጋ እወርዳለሁ፣ ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ በደረጃ እወጣለሁ። ማህሌት ደብዳቤውን ሰጠችኝ፣ እናቷ ግን በአማርኛ አንብቢልኝ አሉኝ። በእንግሊዝኛ ማንበብ እንደሚችሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ተጠንቅቄ አነበብኩት። «በሕክምናዎ ወቅት እንዲህ ስለተሰማዎት እናዝናለን» ይላል።

ወይዘሮ ትርንጎ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ልክ ናቸው» አሉ። «በደንብ ነው የተሰማኝ።»

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። መዘምራኑ አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥተው ዘምረውላቸው ነበር፤ አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፁ አልወጣም። ማህሌት ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። እኔን ሰላም አለችኝ፣ ግን እጇን ቶሎ ወሰደች። እናቷ ውሸቴን እንደነገሯት ያኔ ገባኝ።

ጋሽ ይርዳው ስካርቦሮ በአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ፣ ጆሯቸው እየደከመ ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጮክ ብዬ መናገር ስለነበረብኝ ጥፋቴን ከግድግዳው ማዶ ላሉት ሁሉ የምናገር መሰለኝ። አልገሠጹኝም። «እኔም አንድ አለኝ» አሉና ማን እንደሆነች ሳይነግሩኝ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት በክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ተርጉሜያለሁ። ቀላል አልነበረም። አንዲት ነርስ፣ ይቺ ደግሞ ከሥራ መቅሪያ ወረቀት ፈልጋ ነው የመጣችው ያለችውን ስተረጉም ከክፍሉ ውጭ ጠብቃ ምን አደረግኩሽ ብላኛለች። በሽተኛዋ ራሷ አልቅሳ፣ ለምን ነገርሽኝ ያለችኝም ቀን አለ። ሌላዋ ግን እንደዚሁ ስለ ወረቀት ሲባልባት ሰምታ ቀና አለችና፣ የፈለግኩት ወረቀት ሳይሆን ስካን ነው አለች፤ ተደረገላትም። ሁሉም እንደዚያች አልሆኑም። እኔም ከፍርሃቴ አልዳንኩም።

ሥራ ካቆምኩ ከሁለት ወር በኋላ ማህሌት ደወለችልኝ። ቀብሩ ላይ ከተለያየን ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው።

«እትዬ፣ በእናቴ ምክንያት ቼክ መደረግ አለብሽ ብለውኛል» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ቡክ አድርጌ ሁለቱንም ካንስል አደረግኩት። አብረውኝ ይመጣሉ?»

ማህሌት የምትሠራው በእንግሊዝኛ፣ የምትቀልደው በእንግሊዝኛ ነው። ለምን እኔን እንደፈለገች አልጠየቅኩም። እሺ አልኳት።

ሌላ ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ ወጣት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። እናቷ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ማህሌት ቀድማ፣ አይደለችም፣ ከእኔ ጋር ናት አለቻት። ከዚያ ሐኪሟ በቤተሰብ ውስጥ ካንሰር የነበረበት ሰው አለ ወይ አለች። ማህሌት በእንግሊዝኛ እናቴ ብላ ጀመረችና ቆመች። እንደገና ሞከረች፣ አልወጣላትም። ከዚያ ዓይኗን ከሐኪሟ ሳታነሳ በአማርኛ መናገር ጀመረች። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች፤ አስተርጓሚ ነበርኩ፣ ማህሌት ከፈቀደች አስተረጉማለሁ አልኳት። ማህሌት ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ አስተማሪ ነበረች» አለች። «ሊድን ይችላል ተብላ ነበር። ጀርባዋን ሲያማት ዘጠኝ አለች፣ ሐኪሙ ታጋንናለች አለ። እንግሊዝኛ ስለምትችል ሰማችው። አስተርጓሚዋን ምን አለ ብላ ጠየቀቻት። አስተርጓሚዋም ዋሸቻት። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል መግባት አልቻለችም።»

አንድ በአንድ አሻገርኩት። ከዚያ አስተርጓሚዋ ላይ ደረስኩ። እንግሊዝኛ ለዚህ የሚሆኑ ለስለስ ያሉ ቃላት አሉት፤ ሳትነግራት ቀረች፣ ሸፈነችላት ማለት ይቻላል። ማህሌት ያለችው ዋሸቻት ነው። እኔም ያንኑ አልኩ።

ሐኪሟ ጻፈችው። አዝናለሁ አለች፣ ከዚያ ማህሌት ዝግጁ ስትሆን ምርመራውን እንጀምራለን አለች። ማህሌት ተነስታ መጋረጃው ውስጥ ገባች። እኔ ውጭ ወንበሩ ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ኮቷን አቀበልኳት፤ አብረን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። የእሷ አውቶቡስ ቀድሞ መጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቴክስት አደረገችልኝ። ምንም አልተገኘም፤ በየዓመቱ ግን መታየት አለባት። ቀጣዩን ቀጠሮ ማክሰኞ ያስያዘችው አብሬያት እንድሄድ ማክሰኞ ይመቸኝ እንደሆነ ጠይቃ ነው።